ስኳሽ፦ ሻምፒዮንና አዲስ ተፎካካሪ ሲገናኙ — የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሜን ሸዋ ላይ ስፖርት ከተባለ ሩጫና እግር ኳስ ነው፤ ሁለት ሰዎች በየተራ ኳስን በራኬት ከግድግዳ ጋር የሚያላትሙበትን ስኳሽን የሚያነሳ ብዙ አይገኝም። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚገባ ግን ግጥሚያውን በስልኩ ከፍቶ «ይሄ ልጅ እንዲህ እየመታ እንዴት ተሸነፈ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ነው የሚያሳስተው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«አጥብቆ የመታ ያሸንፋል»

ሜዳው ርዝመቱ 9.75 ሜትር፣ ስፋቱ 6.4 ሜትር የሆነ በአራት ግድግዳ የተዘጋ ክፍል ነው። ወለሉ ላይ ያሉት መስመሮች የሚገናኙበትን ቦታ ተጫዋቾች «ቲ» ይሉታል። እዚያ የቆመ ሰው የትኛውም ጥግ በጥቂት እርምጃ ይደርሳል። ስለዚህ ጠቡ በዚህች ቦታ ነው፤ አንዱ ይይዛታል፣ ሌላው ከኋላው ይሯሯጣል።

አጥብቆ የተመታ ኳስ ዝቅ ብሎ ከሄደ መሃል ሜዳ ላይ ነጥሮ ለባላጋራው እጅ ይመቻል። ከፍ ካለ ደግሞ የኋላውን ግድግዳ መትቶ ተመልሶ መሃል ላይ ይቀርባል። በፍጥነት የሄደ በፍጥነት ይመለሳልና፣ የመታው ራሱ ገና ወደ «ቲ» ሳይመለስ ኳሱ ይቀድመዋል። በዚያ ላይ በተደጋጋሚ የተቀጠቀጠ ኳስ ይሞቃል፤ የሞቀ ኳስ ብዙ ስለሚነጥር እየሮጠ ለሚያነሳው ጊዜ ይሰጠዋል።

ሻምፒዮኖቹ የሚደጋግሙት ምት ሲታይ አሰልቺ ነው። ኳሱ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ከሰርቪስ መስመሩ (ከወለሉ 1.78 ሜትር) በላይ ይመታል፣ የጎኑን ግድግዳ ታክኮ ይሄዳል፣ ከሰርቪስ ሳጥኑ (ወለሉ ላይ ከተሰመረው ኳስ ማስጀመሪያ) ኋላ ይነጥራል፣ ሁለተኛው ንጥረት የኋላው ግድግዳ ሥር ሊያርፍ ይቃረባል። እዚያ ጥግ ውስጥ ራኬት ማወዛወዣ ቦታ የለም። ባላጋራው ዝም ብሎ ለማንሳት ሲል ላላ ያለ ኳስ ይልካል፤ ሻምፒዮኑ ወደ ፊት አጭር ምት የሚመታው ያኔ ብቻ ነው። ብዙ ወጣት ባላጋራው ገና መሃል ላይ ቆሞ ሳለ አጭሩን ይሞክርና ነጥቡን ያስረክባል።

በ1983 ቺቸስተር ላይ ግብፃዊው ጋማል አዋድ ከፓኪስታኑ ጃሃንጊር ካን ጋር ሲጫወት የመጀመሪያው ጌም (የግጥሚያው አንድ ክፍል) ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ፤ አዋድም በዚያን ጊዜ አቆጣጠር 10 ለ9 ወሰደው። የቀሩትን ሦስቱን ጃሃንጊር 9 ለ5፣ 9 ለ7፣ 9 ለ2 አሸነፈ። ጠቅላላው 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ነበር። የጌሞቹን ውጤት በተራ ያነበበ፣ የሰው አቅም እንዴት እንደሚያልቅ ያያል።

«ሻምፒዮን ያረጀ፣ ተፎካካሪ ልጅ ነው»

አንዳንዴ ልክ ነው። ጃሃንጊር በ1981 በ17 ዓመቱ የ34 ዓመቱን ጄፍ ሃንትን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ 555 ግጥሚያ ሳይሸነፍ ቆየ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ያን ጉዞ የቆረጠው ግን ብላቴና አልነበረም። በኅዳር 1986 ቱሉዝ ላይ የኒውዚላንዱ ሮስ ኖርማን በ27 ዓመቱ የ22 ዓመቱን ሻምፒዮን 3 ለ1 ረታ። በ2018 የብሪቲሽ ኦፕን ፍጻሜም የ32 ዓመቱ ኮሎምቢያዊ ሚጌል አንኸል ሮድሪጌዝ የ27 ዓመቱን ሞሐመድ ኤል ሾርባጊን በአምስት ጌም አሸንፏል። ዕድሜን ለብቻው ይዞ መተንበይ አያዋጣም።

«ኳሱ ካልነጠረ ተበላሽቷል»

ይህ ለደብረ ብርሃን ሰው በተለይ ይጠቅመዋል። የስኳሽ ኳስ ዙሪያው የተዘጋ ባዶ ጎማ ነው፤ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 24 ግራም ክብደት። ባለሙያዎቹ የሚጫወቱበት ሁለት ቢጫ ነጥብ ያለው ነው፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ጭቃ ወለል ላይ ይቀራል። ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይገፋል፣ ጎማውም ይለሰልሳል። በ23 ዲግሪ ሙቀት ከ2 ሜትር ተኩል ከፍታ ቢለቀቅ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ መንጠር ይበቃዋል፤ በ45 ዲግሪ ከዚያ እጥፍ በላይ ይነጥራል። ተጫዋቾች ከግጥሚያ በፊት ለጥቂት ደቂቃ እየተቀባበሉ የሚቀጠቅጡት ለጨዋነት ብቻ አይደለም። በጫማ ሥር ወለል ላይ ማሸትም ይረዳል። እጅ ላይ ሞቅ ሲል ደርሷል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሁለት ነገር ይጋጫል። የጠዋቱ ብርድ ኳሱን ይገድለዋል፤ ስስ አየር ደግሞ የሞቀውን ኳስ ያፈጥነዋል፣ የውጭው ግፊት ስለሚያንስም አብዝቶ ያነጥረዋል። ጀማሪ አጥብቆ መትቶ ማሞቅ ስለማይችል አንድ ቢጫ ወይም ቀይ ነጥብ ያለው ኳስ ይሻለዋል። ኳስ ማሞቅ የሚችል ሰው ሁለት ቢጫውን ይያዝ፤ ብቻ ረጅሙን ምት ከለመደው ዝቅ አድርጎ ወይም አለዝቦ ይምታ፣ ያለዚያ የኋላው ግድግዳ ይመልስበታል። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚጫወት ሰው በዚያው ኳስ ሌላ ጨዋታ ይገጥመዋል፦ ኳሱ ቶሎ ይሞቃል፣ አየሩ ግን ይይዘዋል። ሮድሪጌዝ የቦጎታ ልጅ ነው፤ ያቺም ከተማ ከ2,600 ሜትር በላይ ናት።

ድምፁ ሲለወጥና ንጥረቱ ሲዛባ ግን ኳሱ በእርግጥ ተሰንጥቆ ይሆናል። በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ስንጥቁ አፉን ይከፍታል። አዲሱ ኳስ ቀዝቃዛ ስለሆነ እንደገና እንዲያሞቁት ይፈቀዳል። ሆኖም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ነጥቦች ከተለመደው ያነሰ ስለሚነጥር ልምድ ያለው ሰው ወዲያው ወደ ፊት አጭር አጭር ይመታል፣ አዲሱ ልጅ ደግሞ በድሮው ፍጥነት ሲጠብቀው ይቀራል።

«ዳኛው ለታዋቂው ያደላል»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። በገና ቢጋፉ ቢላተሙ ይታለፋል፤ እዚህ ግን ባላጋራን መንገድ መዝጋት ነጥብ ያስከፍላል። የተጋረደበት ተጫዋች ከመምታት ይቆምና ዳኛውን ይጠይቃል። ዳኛው ኳሱን ደርሶ በትክክል መመለስ ይችል ነበር ወይ ብሎ ያያል። የማይችል ከነበረ «ኖ ሌት» ነው፤ ነጥቡን ያጣል። ይችል ከነበረና ሌላው ለመልቀቅ የቻለውን ሁሉ ካደረገ «ሌት» ነው፤ ነጥቡ ይደገማል። ሌላው ለመልቀቅ ካልጣረ፣ የራኬቱን መንገድ ከዘጋ፣ ወይም በኳሱና ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ መካከል ከቆመ «ስትሮክ» ነው፤ ነጥቡ ለጠያቂው ይሰጣል።

ታዋቂው ብዙ ስትሮክ የሚያገኝ የሚመስለው ለዚህ ነው። ተፎካካሪው ሲደክመው ኳሱ ከጎኑ ግድግዳ ይላቀቅና መሃል ላይ፣ በራሱ እግር አጠገብ ይወድቃል። ያን ጊዜ የሚሄድበት የለውም። ቲፎዞ ዳኛውን ይሳደባል እንጂ ጥፋቱ የተሠራው ከአንድ ምት በፊት ነው። በትላልቆቹ ውድድሮች ቅር ያለው ተጫዋች ውሳኔው በቪዲዮ እንዲታይ መጠየቅ ይችላል፤ ተጫዋቹ ልክ ሆኖ ከተገኘ የመጠየቅ ዕድሉ አይቃጠልበትም።

«2 ለ0 ከተመራ አለቀ»

አንድ ጌም እስከ 11 ነው፤ 10 እኩል ከሆኑ በሁለት ነጥብ ልዩነት ያልቃል፤ ሦስት ጌም የቀደመ ያሸንፋል። በ2016 ኩዋላ ላምፑር ላይ የ20 ዓመቷ ግብፃዊት ኑር ኤል ሸርቢኒ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ከእንግሊዟ ላውራ ማሳሮ ጋር ሁለቱን ጌም 11 ለ6 እና 11 ለ4 ተሸንፋ ሦስቱን ወሰደች። በ2014 ካይሮ ደግሞ ተራው የነባሯ ነበር፦ የማሌዥያዋ ኒኮል ዴቪድ በአራተኛው ጌም 10 ለ6 ወደ ኋላ ቀርታ፣ ግብፃዊቷ ራኒም ኤል ወሊሊ ዋንጫውን ለማንሳት አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷት ነበር። ኒኮል ያን ጌም 14 ለ12፣ አምስተኛውንም 11 ለ5 አሸነፈች።

«በስልክ ያየሁትን አጭር ምት እዚህም እመታዋለሁ»

ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ሥር ያለው ቆርቆሮ ቁመቱ በባለሙያዎቹ ግጥሚያ 43 ሳንቲ ሜትር፣ በተራው ሜዳ 48 ነው። ግድግዳ ላይ በኖራ መስመር አስምሮ የሚለማመድ ሰው በ48 ያስምር፤ ሲጀምርም ከመስመሩ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ያነጣጥር። ቆርቆሮን የመታ ኳስ ድምፁ ሩቅ ይሰማል፣ ነጥቡም የባላጋራው ነው።