ቦርጭ፣ ሽሮ እና አርባዎቹ

«ዕድሜ ነው እንግዲህ፤ ሰውነቴ እንደ ድሮው ምግብ አያቃጥልም።» አርባን የተሻገረ ሰው ሁሉ ይላታል። እኔም ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ ስበሳ ብያታለሁ። ግን ዕድሜ ያለ ኃጢአቱ ነው የሚወቀሰው። እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ29 አገሮች የተሰበሰበ፣ ከ6,400 በላይ ሰዎችን የሚመለከት መረጃ መርምሯል። የሰውነት መጠን ከግምት ሲገባ፣ በቀን የምናቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ብዙም አይለወጥም። መቀነስ የሚጀምረው ከ60 ወዲያ ነው፤ ያውም በዓመት ከ1 በመቶ ባነሰ።

ታዲያ ቦርጩ ከየት መጣ? በሃያዎቹ ታክሲ ለመያዝ እንሯሯጥ ነበር። አሁን ከቢሮ ወንበር ወደ መኪና ወንበር፣ ከዚያ ወደ ሶፋ ሆኗል። የማይሠራበት ጡንቻም ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። ሴቶች ላይ ደግሞ በማረጥ ጊዜ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ ስቡ ከዳሌ ይልቅ ወደ ሆድ ያደላል።

«ስፖርት ስለምሠራ የፈለግኩትን ብበላ ችግር የለውም።» ብዙዎቻችንን የሸወደችን ይህቺ ናት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ያንን ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ይጠይቃል። እኛ ቤት ደግሞ ሽንኩርት ሲቁላላ ዘይት በማንኪያ አይለካም፤ ከጀሪካኑ ይንቆረቆራል።

«የጾም ምግብ አያወፍርም» የሚባለውም እዚሁ ላይ ይወድቃል። ጾም ሥጋና ቅቤ ያስቀራል እንጂ ዘይት አያስቀርም። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ ሽሮ በሁለት እንጀራ፣ ከዚያ ሳምቡሳ፣ ማታ ፓስታ በዘይት! ሁዳዴን ጾመው ወፍረው የሚወጡ ሰዎች አውቃለሁ። (ጾም ለክብደት መቀነሻ አልተሠራም፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።) እንጀራ ትቶ ነጭ ዳቦ መብላትም መፍትሔ አይደለም። ጥያቄው ስንት ነው የበላሁት ነው።

ሎሚ በሙቅ ውሃ ስብ አያቀልጥም። ስቲም ገብቶ የቀነሰ ኪሎ ውሃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል። መቶ ጊዜ ቁጭ ብድግ ማለትም የሆድን ስብ ለይቶ አያነሳም።

እንዲህ ሲባል «ስፖርት ዋጋ የለውም ማለት ነው?» የሚል ይመጣል። ኪሎ የሚቀንሰው በዋናነት ከማዕድ ነው። ምግብ ብቻ ቀንሶ የሚከሳ ሰው ግን ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄድበታል። ጡንቻውን የሚያቆይለት፣ የቀነሰውም ኪሎ እንዳይመለስ የሚያግዘው እንቅስቃሴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ ስፖርት ይመክራል። ጂም የግድ አይደለም። ደረጃ መውጣት አለ፣ ከወንበር እየተነሱ መቀመጥ አለ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

«ሚዛኑ አልነቃነቅ አለኝ» ብሎ ማቆምም አለ። ስብ ሲቀንስ ጡንቻ ከጨመረ ሚዛኑ ባለበት ሊቆይ ይችላል። ወገብን በሜትር መለካት ይሻላል። በተለምዶ ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የጤና ስጋቱ ይጨምራል ይባላል። ሲለካ ታዲያ ሆድ ወደ ውስጥ አይሳብም።