ጸሎት በአዳማ የመሠረተ ክርስቶስ ምእመናን ሕይወት

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ፣ የጅቡቲው መንገድና የባቡሩ ሐዲድ የሚያልፉባት የንግድ ከተማ ናት። በከተማዋ ካሉት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መካከል የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተለየ ቦታ አላት። ቤተ እምነቷ ዛሬ በመላ አገሪቱ ብትስፋፋም ከመነሻ ሥፍራዎቿ ዋነኛዋ ያኔ ናዝሬት ትባል የነበረችው ይህችው ከተማ ናት። በዚህች ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ከአምልኮ ሥርዓቱ ባሻገር ምእመናን የሚደራጁበት፣ የሚጠያየቁበትና የሚረዳዱበት መስመር ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ታሪኩን ማየት ይጠይቃል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለእርዳታ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የመኖናይት (የአዋቂዎችን ጥምቀትና የሰላምን ትምህርት አጥብቆ የሚይዝ የፕሮቴስታንት ወገን) ሚስዮናውያን በ1938 ዓ.ም. ገደማ በናዝሬት ሆስፒታል ከፈቱ። ሆስፒታሉ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመ ሲሆን፣ የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ መነሻ እርሱ ነው። የውጭ ሚስዮናውያን የሚያስተምሩበትን ክልል የሚወስነው የ1936 ዓ.ም. ድንጋጌ በሥራ ላይ ስለነበር እምነቱ የተስፋፋው በአደባባይ ስብከት ሳይሆን በሕክምና፣ በትምህርትና በቅርብ ትውውቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ 10 አማኞች በ1943 ዓ.ም. ተጠመቁ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11 የተወሰደውን የአሁን ስሟን ይዛ ራሷን ቻለች።

ጸሎቷ የዛሬውን ግለት ያገኘው ግን ከሚስዮናውያኑ አይደለም። የመኖናይት ጸሎት በልማዱ ረጋ ያለ፣ አንዱ ሲጸልይ ሌላው በጸጥታ የሚሰማበት ነበር። በ1950ዎቹ የናዝሬት ተማሪዎችና ወጣቶች እንግሊዝኛ ለመማር ብለው ከሚስዮናውያኑ ጋር የዮሐንስን ወንጌል ማንበብ ጀመሩ፤ ንባቡ ወደ ጸሎት፣ ጸሎቱም ወደ ጾምና ወደ ሌሊት ጉባኤ አደገ። «የሰማይ ብርሃን» በመባል የታወቀው ይህ የወጣቶች እንቅስቃሴ በልሳን መጸለይን፣ ለሕሙማን እጅ መጫንንና ድምፅን ከፍ አድርጎ በአንድነት መጸለይን ይዞ መጣ። እንቅስቃሴው ከጊዜ በኋላ ከመሠረተ ክርስቶስ ጋር ሲዋሐድ ሁለቱም አንዳቸው ከሌላቸው ወሰዱ፤ ወጣቶቹ ሥርዓትና መዋቅር፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ደግሞ እስከ ዛሬ የምትታወቅበትን የጸሎት ግለት አገኘች።

ከሁሉ የበለጠ አሻራ የተወው ግን የደርግ ዘመን ነው። በጥር 1974 ዓ.ም. መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስን አብያተ ክርስቲያናት ዘጋ፣ ንብረታቸውንም ወረሰ፤ ከመሪዎቹም የተወሰኑት ለዓመታት ታሰሩ። ያን ጊዜ የአባላቱ ቁጥር 5 ሺህ ያህል ነበር። አዳራሽ የሌለው ምእመን ጥቂት ጥቂት እየሆነ በየመኖሪያ ቤቱ ለጸሎት መሰብሰብ ጀመረ። ዝማሬው በለሆሳስ ሆነ፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ስብስቡ ቡና ለመጠጣት የተጠራሩ ጎረቤቶች ይመስል ነበር። ቁጥሩ ሲበዛ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል፤ አዲሱን ቡድን የሚመራውም ከመካከላቸው መጸለይና ቃሉን ማካፈል የሚችል፣ ብዙ ጊዜም ሥነ መለኮት ያልተማረ ሰው ነበር። ሥርዓቱ ተለውጦ አዳራሾቹ በ1983 ዓ.ም. ዳግም ሲከፈቱ አባላቱ ከ30 ሺህ በልጠው ተገኙ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ዛሬ በዓለም አቀፉ የመኖናይት ኅብረት ውስጥ በአባላት ብዛት ቀዳሚ ናት። ስለ እድገቱ ሲነገር ብዙ ጊዜ ስደቱ ብቻ ይጠቀሳል፤ ለዚህ ጸሐፊ ግን ዋናው ነገር ቤተ ክርስቲያን ያለ ሕንፃና ያለ ደመወዝተኛ አገልጋይ ልትቆም የምትችልበት አነስተኛ አሃድ፣ ማለትም የቤት ውስጥ የጸሎት ቡድን፣ በዚያን ጊዜ መገኘቱ ነው።

ያ አሃድ ዛሬም አለ። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናኗን እንደየሰፈራቸው ከፋፍላ በሳምንት አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ በኋላ ማምሻውን፣ በተራ በየቤቱ እንዲገናኙ ታደርጋለች። በአዳማ ሙቀት በር ተከፍቶ፣ ወንበር ያነሰው በምንጣፍ ወይም በአልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ መዝሙርና አጭር የቃል ጥናት ካለፈ በኋላ መሪው «የጸሎት ርእስ ያላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዷ እናት ልጇ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊወስድ መሆኑን ትናገራለች፤ ሌላዋ ባሏ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስለሚነዳ «መንገዱን ጌታ እንዲጠብቅለት» ትላለች፤ አከራዩ ቤቱን ልቀቅ ያለው፣ ወደ ዐረብ አገር ከሄደች እኅቱ ወሬ የጠፋበት፣ ከወንድሙ ጋር በውርስ የተጣላው እየተከታተሉ ይናገራሉ። መሪው ወይም ጸሐፊው ሁሉንም በደብተር ይጽፋል። ከዚያ አንዱ «እንጸልይ» ሲል ሁሉም ድምፃቸውን ያነሣሉ፤ ጥቂት ቆይቶ የአንዱ ድምፅ ጎልቶ ሲወጣ የሌሎቹ እየረገበ ይሄድና በ«አሜን» ይዘጋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሩ እንደገና ይከፈታል። «የባለቤትሽ ነገር እንዴት ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ከጸሎቱ ያላነሰ ሥራ ይሠራል። የተመለሰው ጸሎት ምስክርነት ሆኖ ይነገራል፤ ያልተመለሰው በርእስነቱ ይቀጥላል። በመካከሉ ደግሞ ለተፈናቀለው ተከራይ ቤት ያፈላለገ፣ ለተማሪው የማጠናከሪያ ትምህርት የሰጠ፣ ለታመመው መዋጮ የሰበሰበ ሰው ይገኛል። በዚህ ረገድ ቡድኑ ከዕድርና ከዕቁብ ጋር የሚመሳሰል የመደጋገፍ ሥራ አለው፤ ልዩነቱ ችግሩ ሞት ወይም ትልቅ ወጪ እስኪሆን ድረስ ሳይጠበቅ ገና በሐሳብ ደረጃ ሳለ መነገሩ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። በጸሎት ርእስ ስም የቤት ገመና ወደ ሰፈር የሚወጣበት ጊዜ ስላለ ልምድ ያላቸው መሪዎች ዝርዝሩን ሳያስነግሩ «የልቧን እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ማለፍን ይመርጣሉ።

በአጥቢያ ደረጃ ከእሑዱ አምልኮ ሌላ የሳምንቱ መካከል የጾም ጸሎት፣ የማለዳ ጸሎትና የአዳር ጸሎት የተለመዱ ናቸው። አዳር ጸሎት ብዙ ጊዜ ዓርብ ማታ ተጀምሮ እስከ ንጋት የሚዘልቅ ሲሆን፣ ለአገር ሰላም፣ ለአገልጋዮች፣ ለወንጌል ሥርጭትና ለሕሙማን በየተራ ሰዓት ይመደባል። የዓመቱ መዝጊያ ጳጉሜን በብዙ ወንጌላውያን ዘንድ የጾምና የጸሎት ቀናት እንደመሆኗ በአዳማም ያለፈውን ዓመት ለማመስገንና ለመጪው ለመማለድ ሕዝቡ ይሰበሰባል። ከተማዋ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ተቀላቅለው የሚኖሩባት በመሆኗ ጸሎቱም በሁለቱም ቋንቋዎች ይደረጋል፤ ሁሉም በአንድነት ድምፁን ሲያነሣ አንዱ በአማርኛ፣ አጠገቡ ያለው በአፋን ኦሮሞ ቢጸልይ የሚደናቀፍ የለም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በእምነት የሚፈጸም የአዋቂዎች ጥምቀትን ስለምትከተል ሕፃናት አይጠመቁም፤ ወላጆች ሕፃኑን በጉባኤ ፊት ያቀርባሉ፤ መጋቢው ወይም ሽማግሌው አቅፎ ይጸልይለታል፣ ይባርከዋልም። ጋብቻ፣ አዲስ ቤት መግባት፣ ለአገልግሎት መሾምና ወደ ሩቅ አገር መሄድ ሁሉ የየራሳቸው ጸሎት አላቸው። ከጌታ እራት በፊት የተጣሉ እንዲታረቁ መጠየቁ ከማቴዎስ 5፥23–24 ትምህርት የተወሰደ ነው። የመኖናይት ወግ ለሰላም ከሚሰጠው ቦታ ጋር ስለሚስማማም ሽማግሌዎች ይህን እንደ ደንብ ብቻ አያዩትም፤ ባልና ሚስትን ወይም ሁለት ነጋዴዎችን አስቀምጠው ካነጋገሩ በኋላ የሚጨርሱት አንዱ ለሌላው እንዲጸልይ በማድረግ ነው። ለተጣላ ሰው ይህ ከይቅርታው ቃል በላይ ሊከብደው ይችላል።

ለሕሙማን በያዕቆብ መልእክት መሠረት ዘይት ቀብቶና እጅ ጭኖ መጸለይ የቆየ ልማድ ነው። በሆስፒታል ቅጥር ለተወለደች ቤተ ክርስቲያን ግን ጸሎትና ሕክምና ተቃራኒዎች ሆነው አልታዩም፤ አገልጋዮች የታመመውን ለመጠየቅ ሲሄዱ መድኃኒቱን እየወሰደ እንደሆነ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ይህን መጥቀስ ያስፈለገው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በነቢይነት ስም የሚንቀሳቀሱ ግለሰቦች በየከተማው ስለተበራከቱ፣ ከእነርሱም መካከል ሕሙማን መድኃኒት እንዲያቆሙ የሚያዙ ወይም ለጸሎት ገንዘብ የሚጠይቁ ስላሉ ነው። ነባር አብያተ ክርስቲያናት የጸሎት አገልግሎት በሽማግሌዎች ዕውቅና እንዲሰጥ የሚያጠብቁት ደንብ በከፊል ለዚህ የተሰጠ ምላሽ ነው።

የጸሎቱን ሸክም በብዛት የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። በደርግ ዘመን ቤታቸውን ለስብሰባ የከፈቱትና ለታሰሩት ስንቅ ያመላለሱት እነርሱ ነበሩ፤ ዛሬም በማለዳና በጾም ጸሎት ላይ የሚበዙት እነርሱ ናቸው። በሽማግሌዎች ጉባኤ ያላቸው ድርሻ ግን ከዚህ ጋር የሚመጣጠን ሆኖ አልታየም።

ሌላው የሚነሣው ጉዳይ የድምፅ ነው። አብዛኞቹ አዳራሾች በመኖሪያ ሰፈሮች መካከል ስለሚገኙ በድምፅ ማጉያ የሚደረግ የአዳር ጸሎት ከጎረቤት ጋር ያነጋግራል። የሁሉም ቤተ እምነቶች ድምፅ በሚሰማባት ከተማ ጉዳዩ የአንድ ወገን ባይሆንም፣ አንዳንድ አጥቢያዎች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማጉያውን ዘግተው በራሳቸው ድምፅ ብቻ መጸለይን መርጠዋል።