«ስብሰባው ለጊዜው ተቋረጠ» ማለት ምን ማለት ነው?

«የብሪታንያ ፓርላማ ታገደ» የሚል ርዕስ አሁንም አነበብኩ። የታገደ ነገር የለም። የታችኛው ምክር ቤት ከላይኛው፣ ከሎርዶች ምክር ቤት፣ የሚመለስ ረቂቅ ሕግ እየጠበቀ ስብሰባውን ለጥቂት ሰዓታት አቋርጧል፤ ነገሩ ይኸው ነው። «ታገደ» ሲባል ግን አንድ ኃይል መጥቶ የምክር ቤቱን በር የዘጋበት ይመስላል።

ስብሰባን ለጊዜው ማቋረጥ፣ የዕለቱን ስብሰባ መዝጋት፣ የሥራ ዘመን (አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ የሚቆይ የስብሰባ ወቅት) መዝጋትና ምክር ቤቱን መበተን አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.አ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ያለው በዚያ ዓመት የተደረገውን ሦስተኛውን ነው። ከዚያ ወዲህ ፓርላማው በሚገኝበት በዌስትሚኒስተር የሚደረግ ዕረፍት ሁሉ የዚያ ዓመት ቀውስ እየመሰለ ይጻፋል።

አንድ ተንታኝ ደግሞ «ሥራ ከሌላቸው ለምን ወደየቤታቸው አይሄዱም?» ሲል ጠየቀ። ሥራ አላቸው፤ ሥራቸው መጠበቅ ነው። የዱላ ቅብብል ሩጫን አስቡ። ቀጣዩ ሯጭ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ መስመሩ ላይ ቆሟል። አይሮጥም፤ ከውድድሩም አልወጣም። መስመሩን ለቆ ከሄደ ግን ዱላውን የሚቀበል አይኖርም። በዚህ ሩጫ ያሉት ሯጮች ሁለቱ ምክር ቤቶች ብቻ ናቸው፤ ዱላው፣ ማለትም ረቂቁ፣ እየተመላለሰ ነው፤ የተቀበለው ሁሉ ደግሞ በራሱ ልክ ጠርቦ (አሻሽሎ) ይመልሰዋል። ሁለቱም አማራጭ ሳያቀርቡ «እኔ እንደጠረብኩት ይሁን» ብለው ከጸኑ ዱላው መሬት ይወድቃል፤ ረቂቁም አብሮ ይወድቃል። (እ.አ.አ. የ1911 እና የ1949 የፓርላማ ሕጎች ለታችኛው ምክር ቤት ሌላ መንገድ ይሰጡታል፤ መንገዱ ግን እስከ ቀጣዩ የሥራ ዘመን መቆየትን ይጠይቃል።) ዱላው በእጅ የሚዳሰስ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ ከታችኛው ምክር ቤት የሚነሳ ረቂቅ በልማዱ በአረንጓዴ ሪባን ታስሮ ወደ ሎርዶች ይወሰዳል።

ታዲያ ሰዓቱ አስቀድሞ ለምን አይቆረጥም? ሎርዶቹ ክርክራቸውን መቼ ጨርሰው ድምፅ እንደሚሰጡ ማንም አያውቅማ። የታችኛው ምክር ቤት የሎርዶቹን ማሻሻያ ሲጥል ደግሞ ምክንያቱን ጽፎ መላክ አለበት፤ ለዚህም ትንሽ ኮሚቴ እዚያው ተሰይሞ ወዲያው ይሰበሰባል። ስለዚህ በሥራ መርሐ ግብሩ ላይ ሰዓት አይጻፍም። የሚጻፈው «ከሎርዶች ሊደርስ የሚችል ማናቸውም መልእክት» የሚል መስመር ነው። ብዙ ጊዜም አፈ ጉባኤው መልእክቶቹ ሳይደርሱ የዕለቱን ስብሰባ እንዳይዘጋ ምክር ቤቱ ራሱ ይወስናል። መጠበቁ የታቀደ ነው የምለው ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት አዳራሹ ባዶ ቢሆንም በኮሪደሩ ላይ የመንግሥት ሰዎች ከሎርዶቹ ጋር እየተደራደሩ ነው፤ ስምምነት የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

እ.አ.አ. በ2005 የፀረ ሽብር ረቂቅ በሁለቱ ምክር ቤቶች መካከል ሌሊቱን ሙሉ ተመላለሰ። ካከራከሯቸው ነጥቦች አንዱ ሕጉ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚለው ነበር። ማርች 10 ሐሙስ ጠዋት የተጀመረው የሎርዶች ስብሰባ ከ30 ሰዓት በላይ ቆይቶ ዓርብ ማታ ተጠናቀቀ። ስብሰባው በመሃል ደጋግሞ ቢቋረጥም አልተዘጋም፤ ስለዚህ ከተማው ዓርብን ሲውል የፓርላማው መዝገብ ሐሙስ ላይ ነበር። ያ ተንታኝ እንዳለው ሐሙስ ማታ ወደየቤታቸው ሄደው ቢሆን ኖሮ ቀኑ ይዘጋ፣ ረቂቁም ሌላ የስብሰባ ቀን ይጠብቅ ነበር።

ለተርጓሚዎች አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የታችኛው ምክር ቤት አጭሩን ዕረፍትና የዕለቱን መዝጊያ በሁለት ቃላት ይለያቸዋል። ሎርዶቹ ግን ለሁለቱም አንዱን የመዝጊያ ቃል ይጠቀማሉ፤ ለአጭሩ ዕረፍት «ምክር ቤቱ እስከፈቀደ ድረስ» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ያክሉበታል። ሐረጉ ካለ ስብሰባው አልተዘጋም።