ስለ ትራንስ ባለታሪኮችና ስለ ምናባዊ ልብወለድ የምንሳሳተው

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። የምንኖረው አሜሪካ ነው። ከላይብረሪ የተዋሰውን መጽሐፍ እናቱ አየችና ደነገጠች። «ባለታሪኩ ትራንስጀንደር ነው አሉ» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሲወለድ ሴት ነህ የተባለ፣ እሱ ግን ወንድ መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ማለቷ ነው። እኔ ለወጣቶች የሚጻፉትን፣ አስማትና መናፍስት ያሉባቸውን እነዚህን ምናባዊ ልብወለዶች እያነበብኩ ዓመታት አልፈዋል፤ እወዳቸዋለሁም። እሷ ያነሳችውን ከሌሎችም ደጋግሜ ስለሰማሁ፣ አንድ በአንድ ልመልስ።

«የዘንድሮ ፋሽን ነው»

ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ የኢፊስን ታሪክ ከጻፈ 2000 ዓመት አልፎታል። አባትየው ሴት ከተወለደች ትገደል ስላለ፣ እናቲቱ ልጇን ወንድ ነው ብላ አሳደገቻት። ኢፊስ አድጋ ያንቴ የምትባል ልጅ አፈቀረች። በሠርጉ ዋዜማ ኢሲስ የተባለችው አምላክ ወንድ አደረገቻት። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ አሜሪካዊቷ ደራሲ መርሴዲስ ላኪ፣ ትራንስ ባይሆንም ወንድ የሚያፈቅር ወንድ ጀግና ያለበትን ምናባዊ ልብወለድ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የእህቴ ልጅ ገና አልተወለደም።

«ከዳር እስከ ዳር ስብከት ነው»

ናይጄሪያ ውስጥ የተወለዱት ደራሲ አክዌኬ ኤሜዚ በ2019 ያሳተሙት «ፔት» ዋና ባለታሪኳ ጃም ትራንስ ልጅ ናት። ይህ ጥቂት ገጽ ላይ ይነገረንና ያልፋል። ቤተሰቧ ተቀብሏታል፤ በቃ። ታሪኩ ሌላ ነው። የምትኖርበት ከተማ ሰው ጭራቅ የሚባል ከእንግዲህ የለም ብሎ ያምናል። አንድ ሌሊት የጃም እጅ ተቆርጦ ደሟ እናቷ የሳለችው ሥዕል ላይ ይንጠባጠባል፤ ከሥዕሉም ፍጡር ይወጣል። የመጣሁት ለጭራቅ አደን ነው ይላታል፤ ጭራቁም ያለው የቅርብ ጓደኛዋ ቤት ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ግን ማየት አይፈልጉም። ልጅን የሚጎዳ ሰው ቤት ውስጥ እያለ «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ሲባል ሰምቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን መጽሐፍ ይረዳዋል።

«ሃይማኖትና ባህል ለማፍረስ የተጻፉ ናቸው»

እህቴን ያስጨነቃት ይሄኛው ነው። ልጇ ያመጣው ደግሞ «ሴሜትሪ ቦይስ» ነበር፤ ራሱ ትራንስ የሆነው ኤይደን ቶማስ በ2020 ያሳተመው። ባለታሪኩ ያድሪኤል ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከላቲኖ ቤተሰቡ ጋር መቃብር ቦታ ይኖራል። በወገኖቹ ሥርዓት ሴቶቹ ይፈውሳሉ፤ ወንዶቹ የሙታንን ነፍስ ያሰናብታሉ። ቤተሰቡ እንደ ወንድ ስላልተቀበለው ሥርዓቱን ከለከሉት። እሱ ግን ጥሎ አልሄደም። ዘመዱ ከሆነች ልጅ ጋር ሌሊት ተደብቆ ቤተክርስቲያን ገባ፤ ጩቤ ይዞ ሥርዓቱን ራሱ ፈጸመ። የሚያመልኳት እመቤትም ተቀበለችው። ያድሪኤል የሚለምነው የአባቶቹ ሥርዓት ውስጥ እንዲያስገቡት ነው። ሙታናቸው ለበዓል የሚመጡበት ቀን ሲቃረብ ቤቱ በምግብና በሻማ ይሞላል። እህቴ ይህን ብታነብ ድግስ ያለበት የራሷ ቤት ይመስላታል።

«ለልጅ አይሆንም»

እንደ መጽሐፉ ነው። የወጣቶች ልብወለድ የሚባለው በጥቅሉ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉት ነው። አንዳንዱ ለ12 ዓመት ልጅ ይከብዳል፤ ግን ይሄ በወንድና ሴት ፍቅር ላይ የተጻፈውንም ይመለከታል። አንብቦ መወሰን ነው።

«አሜሪካ ራሷ አግዳቸዋለች»

መጽሐፍ ታገደ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ አካባቢ የትምህርት ቦርድ ከመደርደሪያ አነሳው ማለት ነው። መጽሐፍ መደብር ገብቶ መግዛት ይቻላል።

«እሱ ተባለ እሷ ተባለ፣ ምን ያካብዳል?»

ይህን አማርኛ ተናጋሪ ሲለው ይገርመኛል። እኛ እኮ «አንቱ» ካላልነው በቀር፣ ወንድ ይሁን ሴት ሳንለይ አንድን ሰው «ግባ» እንኳን ማለት አንችልም። ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ፣ የመጽሐፉን መጀመሪያ ለእህቴ በአማርኛ እያነበብኩላት ነበር። ያቺ ዘመዱ ያድሪኤልን የምታናግርበት ቦታ ስደርስ ቆም አልኩ። «ና» ልበል ወይስ «ነይ»? የእህቴ ልጅ ከስልኩ ቀና አለ። «‹ና› በይው» አለኝ። «‹ነይ› ካልሽው እኮ የቤተሰቡን ስህተት ደገምሽው።» እህቴ ሲኒውን አስቀመጠችና አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «በይ ቀጥይ» አለች።