ለነገ ያስቀሩት መና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓል በሰላም ተፈጸመ፤ ለዚህ ያደረሰን አምላክ ይመስገን። ከየአገሩ የመጣው ምእመን ስለቱን አስገብቶ፣ ጸበሉን ጠጥቶ እየተመለሰ ነው። የድሬዳዋ ሰው ግን በየዓመቱ የሚያየው አንድ ነገር አለ። ከቁልቢ ቁልቁል የወረደው መኪና ሁሉ ታይዋንና ከፊራ ከሚባሉት ገበያዎቻችን መጥቶ ይቆማል። ብርድ ልብሱ፣ አንሶላው፣ ፔርሙሱ፣ በደርዘን የተገዛው ብርጭቆ በማዳበሪያ ተቋጥሮ ጣሪያ ላይ ይጫናል። መግዛት ኃጢአት ነው አልልም፤ ከተማችንም የምታድረው በንግድ ነው። የሚያሳዝነው ስለቱ ራሱ ነው። «ቤት ከሰጠኸኝ»፣ «መኪና ከሰጠኸኝ»፣ «ሱቄን ካሰፋህልኝ»። ያከበርነው እኮ ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት የዳኑበትን ቀን ነው! ቁመቱ 60 ክንድ ለሆነ የወርቅ ምስል አንሰግድም ብለው እቶን የገቡትን ልጆች በእልልታ አክብረን፣ እልልታው ሳይበርድ ወርቁን ስጠን ብለን መልአኩን እንለምነዋለን።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ዘጸአት ምዕራፍ 16ን አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። እስራኤል ከግብፅ በወጡ በሁለተኛው ወር፣ በ15ኛው ቀን፣ ሲን በረሃ ደርሰው ራባቸው፤ አንጐራጐሩም። እግዚአብሔርም መና አወረደላቸው። ሥርዓቱ ቀላል ነበር፤ በየማለዳው፣ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር። ጎሞር የኢፍ አሥረኛ ክፍል ነው፤ በዛሬው መስፈሪያ ሁለት ሊትር ገደማ ይሆናል፤ አንድን ሰው አጥግቦ ያውላል። ሙሴም «ማንም ከእርሱ አንዳች ለነገ አያስቀር» አላቸው። አንዳንዶቹ አስቀሩ። ተላ፣ ሸተተ፣ ሙሴም ተቈጣቸው።

እነዚህ ሰዎች ሌቦች አልነበሩም። የጎረቤት ድርሻ አልነኩም፤ ያስቀሩት የራሳቸውን ጎሞር ነው፤ ምናልባትም ከአፋቸው ቀንሰው ይሆናል። ታዲያ ሙሴን ምን አስቈጣው? ነገ ላይወርድ ይችላል ብለው መስጋታቸው። ባሕር ከፍሎ ያሻገራቸውን፣ በዚያው ማለዳ ያጠገባቸውን አምላክ ይረሳን ይሆናል ብለው በድንኳናቸው ጥግ መተማመኛ ሸሸጉ። የእኛም ቤት ጥግ የሞላው በዚሁ ስጋት ነው። «ይጠቅም ይሆናል»፣ «ለክፉ ቀን»፣ «ልጆቹ ሲያድጉ»። እነዚህን ሦስት ቃላት ከቤታችን ብናወጣ የዕቃው እኩሌታ አብሯቸው ይወጣ ነበር።

ከዚያው ምዕራፍ ሳንወጣ ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። ዓርብ ዕለት ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ጎሞር ሰበሰቡ፤ ለሰንበት አሳደሩት፤ አልሸተተም፣ ትልም አልሆነበትም። ያው መና፣ ያው ድንኳን፣ ያው የበረሃ ሙቀት ነው። ይኼኛው የተቀመጠው በትእዛዝ፣ ለታወቀ ቀን ነበር። ስለዚህ ማስቀመጥ ሁሉ ኃጢአት ነው የሚል ሰው ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አላነበበም። ለክረምት ጤፍ የምትሸምት እናት፣ ለልጇ ክርስትና በርበሬ የምታስፈጭ፣ ውኃው በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል የምትሞላ፣ የዓርብን መና ነው የሰበሰበችው። ለምን እንደሆነ ታውቃለች፣ መቼ እንደሚያልቅም ታውቃለች።

ሦስተኛም መና አለ። እግዚአብሔር አንድ ጎሞር ሙሉ መና በማሰሮ ተደርጎ ለልጅ ልጅ እንዲጠበቅ በፊቱ እንዲኖር አዘዘ። ያ መና ትል አላወቀም። ቅዱስ ጳውሎስ በዕብራውያን 9፥4 «መና ያለባት የወርቅ መሶብ» ይላል፤ እኛም በእሑድ ውዳሴ ማርያም እመቤታችንን «አንቲ ውእቱ መሶበ ወርቅ ንጹሕ እንተ ውስቴታ መና ኅቡእ»፣ የተሰወረ መና ያለብሽ ንጹሕ የወርቅ መሶብ አንቺ ነሽ፣ እያልን እናመሰግናታለን። አንድ ሌሊት ማደር ያቃተውና ትውልድ የተሻገረው መና ከአንድ ሰማይ የወረደ ነው። አንዱን ሰዎች ለራሳቸው ሸሸጉት፣ ሌላው በእግዚአብሔር ፊት ተቀመጠ።

እንግዲህ ወደ ቁም ሳጥናችን እንሂድ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው፤ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የተራቈተውን ማልበስ ከጾሙ ጋር አንድ አድርጎ ነው የተናገረው።

ልብሱን አንድም ሳታስቀሩ አውጡት። ከፊቱ እያነሡ ከኋላው መተው አይሠራም፤ ችግሩ ያለው ከታች በተሸጎጠው ሻንጣ ውስጥ ነው። መሬት ላይ ሰሌን አንጥፋችሁ ዘርጉት እንጂ አልጋ ላይ አትከምሩት፤ አልጋ ላይ የተከመረ ሲመሽ መተኛ ስለሚያሳጣ እንደ ነበረው ተጠቅልሎ ይመለሳል። መጀመሪያ የሰው የሆነውን ለዩ፤ ከጎረቤት በውሰት የመጣ ቀሚስ፣ ከእኅት የተወሰደ ሻርፕ። ከኩሽናም የእድር ድስትና ትሪ፣ ከሠርጉ በኋላ ያልተመለሰ ጭልፋ አይጠፋም። የሰውን ዕቃ ይዞ ምጽዋት መስጠት አያምርም። ዘኬዎስ ለድሆች ሲሰጥ የወሰደውን መመለሱንም አብሮ ነው የተናገረው።

ከዚያ ከአምናው ገና እስከ ዘንድሮ ጾም ድረስ፣ ፋሲካውንም ጥምቀቱንም ሠርጉንም ለቅሶውንም ቆጥራችሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ገላችሁን ያልነካ ልብስ ለብቻው ይቀመጥ። ለቤተ ክርስቲያን ሁለት ነጠላ ይበቃል፤ አንዱ ታጥቦ ሲደርቅ አንዱ ይለበሳል። አምስተኛውና ስድስተኛው ነጠላ ለጸሎት የሚጨምረው ነገር የለም።

ሐዋርያው ያዕቆብ «ልብሳችሁም በብል ተበልቶአል» ብሎ ባለጠጎችን ሲገሥጽ ነገሩን በደንብ አውቆት ነው። ልብሱን የምትበላው የምትበርረው ብል አይደለችም፤ ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው። ሱፍና ሐር ይወዳል፤ ጥጥ የሚነካው ብዙውን ጊዜ ላብ ወይም የወጥ ቅባት ሲኖርበት ነው። ለዚህ ነው ሳይታጠብ የተቀመጠ ጋቢ ተበስቶ የሚገኘው። ጨለማና እጅ የማይደርስበት ቦታ ይስማማዋል። ዘወትር የሚለበስ፣ የሚታጠብ፣ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ልብስ ላይ አይደላውም። ቤቱን የሚሠራው ለአንድ ቀን ተብሎ በተሰቀለው የሱፍ ኮት ላይ ነው። በድሬ ሙቀት የሱፍ ኮት ማን ይለብሳል? ቁልቢ ደጋ ላይ ግን፣ በዚሁ በታኅሣሥ ብርድ፣ ከደጀ ሰላሙ ውጪ ማዳበሪያ ተከናንቦ የሚያድረውን ነዳይ ሁላችንም አይተን አልፈናል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በሳጥንህ የቈለፍህበት ልብስ የተራቈተው ሰው ንብረት ነው፣ በቤትህ የሚሻግተው ጫማም ባዶ እግሩን የሚሄደው ሰው ንብረት ነው ብሎ ያስተምራል። የሰው ኮት ለብል ማብላት ምን ይባላል?

አሁን ልቤን የሚያቆስለው ነገር ላይ ደረስን። «ሰጠሁ» የምንለው ብዙው ልብስ የጣልነው ነው። ዚፑ የተበጠሰ ሱሪ፣ አንዱ ብቻ የተገኘ ጫማ፣ ብብቱ የቢጫ ላብ የያዘ ሸሚዝ በፌስታል ታስሮ ለየኔ ቢጤው ይወረወራል። በሚልክያስ 1፥8 ዕውሩንና አንካሳውን በግ ለመሥዋዕት ያመጡትን እግዚአብሔር እስኪ ለአለቃህ አቅርበው፣ ይቀበልህ እንደሆነ እይ ይላቸዋል። መለኪያው ይኸው ነው። ለወዳጅህ ለመስጠት የምታፍርበትን ለክርስቶስ አትስጠው። የሚሰጥ ልብስ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ የጎደለ ቁልፍ ይተከልለታል። ጫማ ጥንዱ በክሩ አንድ ላይ ይታሰራል። ያገለገለ የውስጥ ልብስ ለሰው አይሰጥም። ቢቻል ለአንድ ሰው ሙሉ ይሁን፤ ሱሪ ከነሸሚዙ፣ ብርድ ልብስ ከነአንሶላው። ጨርቅነቱ ያለቀለት ደግሞ መወልወያ ይሁን፤ ምጽዋት ብለን ስም አናውጣለት። ለልዋጭ አሮጌ ልብስ ሰጥቶ ሳፋና ብርጭቆ የሚቀበል ሰውም ቤቱን አላቀለለም፤ የተጨናነቀውን ከቁም ሳጥን ወደ ቡፌ አዛወረው እንጂ።

መስጠት ያለብን ለእምነት ወንድም ብቻ ይመስል የሚጠይቁ አሉ። ድሬ ላይ ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤት ሙስሊም ነው፤ ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ሃይማኖት ጠይቆ አላነሣውም። በዚሁ ይበቃል።

የጓዳ እህል ለዚህ ሁሉ ጥሩ ምስክር ነው። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አያጠቃውም። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ባቄላ ግን በእኛ ሙቀት አይምራቸውም፤ ነቀዝ በፍሬው ውስጥ እንቁላል ጥላ አዲሱ ነቀዝ እስኪወጣ የሚፈጀው ወር ገደማ ነው። ኩንታሉን አስቀምጦ ሦስተኛ ወር ላይ የሚከፍት ሰው በዱቄት የተሞላ ቀፎ እህል ያገኛል። እህሉ ከቤተሰቡ ፍጆታ በላይ ከሆነ ሳይነቅዝ ስጡ። ነቅዞ ሲሰጥ የሚያዩ ሰዎች ይታዘባሉ፤ እግዚአብሔርም ያያል።

ግቢውን ደግሞ በጥብቅ ተመልከቱ፤ እዚህ ያለው ጉዳት የባለቤቱ ብቻ አይደለምና። በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የተነሣው የደንጊ ትኩሳት በአገራችን በምርመራ የተረጋገጠ የመጀመሪያው የደንጊ ወረርሽኝ ነበር፤ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣ። ሁለቱንም የምታዛምተው ቀን ቀን የምትናከስ ቢንቢ ናት፤ የምትራባውም በቤትና በግቢ ዕቃ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ነው። አሮጌ ጎማ፣ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን፣ ከዓመት በፊት የተቀመጠ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ አንድ ዝናብ ሲያገኙ መፈልፈያ ይሆናሉ። እንቁላሉ ከውኃው ከፍ ብሎ ከዕቃው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ ደርቆ ለወራት ይቆያል። ውኃ ሲነካው በሙቀት ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ውስጥ ቢንቢ ሆኖ ይበርራል። ስለዚህ ውኃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም። የምትጠቀሙበትን በርሜል በየሳምንቱ ውስጡን በብሩሽ ፈትጉና ክዳኑን ግጠሙ፤ የማትጠቀሙበትን ለቁራሌው ስጡ። «ይጠቅም ይሆናል» ያልነው ጎማ የጎረቤትን ልጅ አልጋ ላይ ሲጥል፣ ንስሐ ስንገባ ማንም የሚናዘዘው የለም።

እዚህ ላይ ግን ቁጣዬን ልቀንስ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ቤት ከነሰው የወሰደባቸው እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ባዶ እጇን የቀረች እናት አንድ ጀሪካን መጣል ቢያስጨንቃት «ጎምጂ» ብሎ የሚፈርድባት ሰው ምሕረት የለውም። እማማ፣ እርስዎ አይፍሩ። መናውን ያስቀሩትም ከባርነትና ከረሃብ የመጡ ነበሩ፤ እግዚአብሔር በነጋታው መና አልከለከላቸውም፤ እንደ ልማዱ አወረደላቸው። ልጆች ደግሞ እናታችሁ ቅዳሴ ስትሄድ ጠብቃችሁ ዕቃዋን አታውጡ። በሌላ ሰው እጅ የተሰጠ ዕቃ ለባለቤቱ ምጽዋት አይሆንለትም፤ ዝርፊያ ሆኖ ይቆጠርባችኋል። አጠገቧ ተቀምጣችሁ በቀን አንድ ሣጥን ብቻ አብራችሁ ክፈቱ፤ የሚወጣውንም እሷ ትምረጥ።

የሟች ልብስም እንዲሁ ነው። ባሏ የሞተባት እኅት ኮቱን አቅፋ ብትተኛ ማንም አይንካት። ጊዜው ሲደርስ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት በአርባው ወይም በሙት ዓመቱ፣ አንዱን ለመታሰቢያ አስቀርታ ሌላውን በክርስትና ስሙ ትስጥለት። እስከዚያ በየጊዜው ታጥቦ ፀሐይ ይንካው።

ስለ ስለትም በአጭሩ። ጃንጥላና ምንጣፍ ስትሳሉ መጀመሪያ የአጥቢያችሁን ሰበካ ጉባኤ ጠይቁ፤ ዕቃ ቤቱ ሞልቶ በጨረታ ይሸጥ የነበረን ጃንጥላ ከምትደግሙ፣ ዕጣንና ጧፍ ያለቀበት የገጠር ደብር አለ። የደበዘዘ ሥዕለ አድኅኖና የተቀደደ ውዳሴ ማርያም ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ለካህን ይሰጣል።

በአንድ ጊዜ የሚጨርስ ሰው ጥቂት ነው። አባ እንጦንስ «ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለውን ወንጌል ሰምቶ ሀብቱን ሲበትን ለእኅቱ ብሎ ጥቂት አስቀርቶ ነበር። ሁለተኛ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ «ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን ሲሰማ ነው እኅቱን ለደናግል አደራ ሰጥቶ ያንንም የሰጠው። እኛም ሁለተኛ ዙር ያስፈልገናል፤ ለዐቢይ ጾም መግቢያ ብታደርጉት ጥሩ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ለኢየሩሳሌም ድሆች እንዲያዋጡ ሲለምን የጠቀሰው ይህንኑ የመናውን ቃል ነው፤ «ብዙ ያከማቸ አላተረፈም፥ ጥቂትም ያከማቸ አላጐደለም»።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ስለሆነ። ተለይቶ የታሰረ ማዳበሪያ በር ኋላ ከአንድ ሳምንት በላይ አይቀመጥ። ከቆየ ይፈታል፤ «ይቺን እንኳ» እየተባለ አንድ በአንድ ተመልሶ ይሰቀላል። ማንን እንደምታለብሱ ሳትወስኑ ማሰር አትጀምሩ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ የበጎ አድራጎት ክፍል የሚቀበል ከሆነ ቀኑን ጠይቁ፤ የወንድ፣ የሴትና የልጅ ብላችሁ በሦስት ለይታችሁ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ አስረክቡ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ልብሱ በዋዜማው ሰው ገላ ላይ እንዲውል እስከ 26 ከቤት ይውጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።