በፑል ጨዋታ ስቲክን ከኋላ ከፍ ማድረግ ምንድን ነው?

በፑል ጨዋታ ስቲክን (ኳስ የሚመታበትን ረጅም ዘንግ) ከፍ ማድረግ የሚባለው ተጫዋቹ የስቲኩን የኋላ ጫፍ አንሥቶ ነጯን ኳስ ከላይ ወደ ታች ባዘነበለ አቅጣጫ ሲመታ ነው። የጠረጴዛው ጠርዝ ከኳሷ መሐል ከፍ ስለሚል፣ ፍጹም አግድም የሆነ ምት በተግባር የለም ማለት ይቻላል፤ ጥያቄው ስቲኩ ምን ያህል ይነሣ የሚለው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያስነሣው ግድ ነው። ነጯ ኳስ ጠርዙን ተጠግታ ስትቆም ወይም ሌላ ኳስ ከኋላዋ ሲደቀን፣ ስቲኩ በእንቅፋቱ ላይ አልፎ መድረስ አለበት። ጠረጴዛው በጠባብ ክፍል ውስጥ በገባባቸው ፑል ቤቶች ደግሞ፣ 1 ሜትር ከ47 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው ስቲክ ወደ ኋላ የሚሳብበት ቦታ በግድግዳው ስለሚጠብ፣ ተጫዋቹ ሳይወድ ያነሣዋል።

ይህ ዋጋ ያስከፍላል። ወደ ታች የተመታች ኳስ ከጨርቁ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተጭና በጥቂቱ ትነጥራለች፤ በአየር ላይ ሳለች ሌላዋን ኳስ ብትመታ ደግሞ የታሰበው ማዕዘን ይዛባል። ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ምቱ ከመሐል ወደ ጎን ሲያፈነግጥ ነው፦ ስቲኩ ተነሥቶ የኳሷ ቀኝ ጎን ሲመታ የሽክርክሪቷ ዘንግ ያዘነብላል፣ የጨርቁም ሰበቃ ጉዞዋን ወደ ቀኝ ይጠመዝዘዋል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮሪዮሊስ በ1835 እ.ኤ.አ. የዚህን ዓይነቱን ጉዞ በቀመር አስልቶታል። ስለዚህ ስቲኩ በግድ ሲነሣ የሚሻለው፣ መሐሏን በለስላሳ ምት መምታት ነው።

ነጯን ሌላ ኳስ ከመታች በኋላ ወደ ኋላ ለመመለስ ስቲክን ማንሣት ይረዳል የሚለው የተለመደ እምነት በከፊል ብቻ ያስኬዳል። ሁለቱ ኳሶች በጣም ሲቀራረቡ፣ ነጯ ስትመለስ ስቲኩን ዳግመኛ እንዳትነካ ማንሣቱ ይጠቅማል፤ ከሩቅ ግን በተቻለ መጠን ዝቅ ያለ ስቲክ የተሻለ ይመልሳታል።

ሆን ተብሎ በጣም የሚነሣው ኳሷን ለማዝለል ወይም፣ ስቲኩን ወደ ቀጥ ያለ አቋም አቅርቦ፣ በሌላ ኳስ ዙሪያ ለማጠማዘዝ ነው። ፑልን በሚመስለው የስኑከር ጨዋታ ነጯን በሌላ ኳስ ላይ ማዝለል በአብዛኛው ፋውል (ጥፋት) ሲሆን፣ በፑል ግን ይፈቀዳል፤ የሚፈቀደውም ከላይ ወደ ታች ተመትታ ከጠረጴዛው ስትነጥር እንጂ፣ የስቲኩ ጫፍ ከሥሯ ገብቶ ወደ ላይ ሲያነሣት አይደለም።