የ1863ቱ የነፃነት አዋጅ ማንን ነፃ አወጣ?

«ሊንከን በአንድ አዋጅ ባርነትን ከመላው አሜሪካ አጠፋ» የሚለው አባባል በውይይታችን ደጋግሞ ስለሚነሳ፣ ነገሩን ማጥራት ይገባል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 የጸናው አዋጅ ፕሬዚዳንት ሊንከን በሰሜንና በደቡብ መካከል በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት በጦር አዛዥነታቸው የወሰዱት እርምጃ ስለነበር፣ የሚመለከተው ከኅብረቱ (ከዩናይትድ ስቴትስ) ተገንጥለው በአመፅ ላይ ናቸው የተባሉትን የደቡብ አካባቢዎች ብቻ ነበር። ለምሳሌ በሚሲሲፒ ጥጥ ትለቅም የነበረች ሴት በዚያች ዕለት በሕግ ነፃ ስትባል፣ ከኅብረቱ ወዳልተገነጠለችው ኬንታኪ የተሸጠች እህቷ ግን እዚያው ባርነቷ ላይ ቀረች። የሚሲሲፒዋም ብትሆን ነፃነቷን የምትጨብጠው የሰሜኑ ጦር ሲደርስ ወይም ራሷ አምልጣ ስትወጣ ነበርና፣ ቀኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በቴክሳሷ ጋልቬስተን ባሪያዎች ነፃ መሆናቸውን የሚገልጸው ትእዛዝ የታወጀው ጁን 19 ቀን 1865 ነው። ባርነትን በመላ አገሪቱ የከለከለው በዲሴምበር 1865 የጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲሆን፣ እሱም በወንጀል የተፈረደባቸውን ለይቶ በመተዉ የደቡብ ግዛቶች እስረኞችን ለእርሻና ለማዕድን ባለቤቶች ለአሥርት ዓመታት ያከራዩ ነበር።